ስለ «አስቸጋሪ» ቃልና ስለ ውጫሌ ውል

በእንግሊዝኛ ትምህርታችን «ዲፊከልት» እና «ትራብልሰም» የሚባሉ ሁለት ቅጽሎች አሉ። ሁለቱንም «አስቸጋሪ» ብለን እንተረጉማቸዋለን፤ ዳሩ ግን አንድ አይደሉም። የፊተኛው ለመሥራት ወይም ለመረዳት የሚከብደውን ነገር ያመለክታል። የኋለኛው ግን ነገሩ ቀላልም ቢሆን ዕረፍት የሚነሳውንና ደጋግሞ የሚያውከውን ይገልጻል። የሒሳብ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ የማያስተኛ ሳል ግን አዋኪ ነው። የዚህ ቃል ሥር ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ድፍርስ ማለት ነው። በአማርኛችንም ሰላም ሲጠፋ «ነገሩ ደፈረሰ» እንላለን።

በአገራችን ታሪክ ሳይከብድ አዋኪ የሆነ ቃል ቢፈለግ «ይቻላቸዋል» የሚለው ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር። ይህን ቃል ሕፃን እንኳ ይረዳዋል፤ የሚችል ሰው ሊተወውም ይችላልና። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ለማድረግ እንደ ተስማሙ ተጻፈ። የሮማ መንግሥትም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ።

ዐፄ ምኒልክ ንግሣቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉ ጊዜ፣ መልእክታቸው በኢጣልያ በኩል መምጣት እንደሚገባው የሚገልጽ መልስ በ1882 ዓ.ም. ደረሳቸው። እቴጌ ጣይቱም አንቀጹን አጥብቀው ተቃወሙ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ጉዳዩም በብዕር ሳይፈታ ቀርቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተፈታ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውልም የውጫሌው ፈርሶ የኢትዮጵያ ነፃነት ታወቀ።

እንግዲህ ቃሉ በራሱ ጥፋት አልነበረበትም። ውሃው የደፈረሰው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ነው፤ ያደፈረሰውም ከቃሉ ጥቅም የፈለገው ወገን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስቸጋሪ ነው ሲባል «ማንን አስቸገረ? ያስቸገረውስ ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህ ትምህርት ለእኛ ለግምጃ ቤት ተማሪዎች ቅርብ ነው። በአገራችን በአዊ አውኚና አማርኛ ይነገራሉ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ በትምህርት ቤት እንማራለን። ነገ በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤት ወይም በገበያ የሰውን ቃል ለሌላ ሰው የምናስረዳ ብዙዎች ነን። የተናገረውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናድርስለት። የቀላል ቃል ስሕተት ከባድ ዋጋ እንደሚያስከፍል አባቶቻችን በዐድዋ አይተውታልና።