«ሴኩሪቲ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተስማሚውን የአማርኛ አቻ ስለ መምረጥ

በእንግሊዝኛ በሚዘጋጁ ሕጎች፣ ውሎች፣ የጨረታ ሰነዶችና ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙ ቃላት አንዱ «ሴኩሪቲ» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አንድ ይሁን እንጂ በአማርኛ እንደየአገባቡ «ደኅንነት»፣ «ጸጥታ»፣ «ጥበቃ»፣ «ዋስትና»፣ «መያዣ» ወይም «ሰነደ ሙዓለ ንዋይ» ይባላል። ቃላቱ በትርጉም የተቀራረቡ ቢመስሉም አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የሰነዱ ይዘት ይለወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው መብትና ግዴታ አብሮ ይለወጣል።

የቃል ምርጫው ለምን ክብደት አለው?

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። ጋዜጣውን ባቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ ረቂቁ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ቢሆንም እንኳ፣ ከጸደቀ በኋላ ዳኛው የሚተረጉመው፣ ዜጋውም የሚገዛበት የአማርኛው ቃል ነው።

ደኅንነት

«ደኅንነት» ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ሲሆን «መድኃኒት» እና «መድን» ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ሥር አለው። የሚያመለክተውም አንድ ሰው፣ ሀገር ወይም ነገር ከጉዳትና ከአደጋ የተጠበቀ መሆኑን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 14 እና 16 ስለ አካል ደኅንነት የሚደነግገው በዚሁ ትርጉም ነው። «ብሔራዊ ደኅንነት»፣ «የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት» እና «የመረጃ ደኅንነት» የሚሉት ስያሜዎችም ከዚሁ ይመደባሉ።

በዚህ ቃል አጠቃቀም ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አማርኛው «ሴፍቲ» የሚለውንም የእንግሊዝኛ ቃል «ደኅንነት» ስለሚል ነው። «የመንገድ ደኅንነት» እና «የሙያ ደኅንነት» ሲባል የሚታሰበው ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋ እንጂ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥቃት አይደለም። ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ሲመጡ ገላጭ ቃል በመጨመር መለየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ1944 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 17ኛው አባሪ ሲቪል አቪዬሽንን ከሕገ ወጥ ጣልቃ ገብነት ስለ መጠበቅ፣ 19ኛው አባሪ ደግሞ የበረራ አደጋን ለመከላከል ስለሚያስችል የአመራር ሥርዓት የሚመለከቱ ናቸው። ሁለቱንም በደፈናው «የአቪዬሽን ደኅንነት» ማለት አንባቢውን ያሳስታል፤ የመጀመሪያውን «ከሕገ ወጥ ድርጊት መጠበቅ»፣ ሁለተኛውን «የበረራ ደኅንነት» ብሎ መለየት ይቻላል።

ጸጥታ እና ጥበቃ

«ጸጥታ» የሚገልጸው የአንድ አካባቢን ወይም የሕዝብን መረጋጋት ነው። ከ«ሰላም» ጋር ተጣምሮ የሚነገረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አካል የሆነው፣ 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት በአማርኛ «የጸጥታው ምክር ቤት» ይባላል፤ የአፍሪካ ኅብረትም «የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት» አለው። እነዚህ የጸኑ ስያሜዎች ስለሆኑ ተርጓሚው ወደ «ደኅንነት ምክር ቤት» ሊለውጣቸው አይገባም።

«ጥበቃ» ደግሞ ሁኔታን ሳይሆን ሥራን ያመለክታል። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተመደበው ሰው «የጥበቃ ሠራተኛ» ነው። በአማርኛ «የደኅንነት ሠራተኛ» ሲባል ብዙው ሰው የሚረዳው የመረጃና ደኅንነት ተቋም ባልደረባን ነው። በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ይህን መሳሳት አመልካቾችን ለማይመለከታቸው የሥራ መደብ ይጋብዛል።

ዋስትና

«ዋስትና» ወደፊት ለሚመጣ ነገር የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። «የሥራ ዋስትና»፣ «የመሬት ይዞታ ዋስትና»፣ «የምግብ ዋስትና» እና «ማኅበራዊ ዋስትና» የሚሉት ሁሉ ሰው ያለው ነገር ነገ እንዳይቋረጥበት ወይም የሚያስፈልገው እንዳይጎድልበት ማረጋገጥን ያሳያሉ። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ የሚያዋጡበት የጡረታ ዐቅድ የማኅበራዊ ዋስትና አንድ ክፍል ነው።

በተለይ «የምግብ ዋስትና» እና «የምግብ ደኅንነት» መምታታት የለባቸውም። የመጀመሪያው ሰዎች ሁልጊዜ በቂና ገንቢ ምግብ ማግኘት መቻላቸውን ይመለከታል። ሁለተኛው የሚበላው ምግብ ያልተበከለና ጤናን የማይጎዳ መሆኑን ይመለከታል። በአንድ ወረዳ እህል በጎተራ ሞልቶ በሻጋታ ቢበከል የጎደለው የምግብ ደኅንነት ነው። እህሉ ንጹሕ ሆኖ ቤተሰቡ የሚገዛበት ዐቅም ቢያጣ የጎደለው የምግብ ዋስትና ነው። መፍትሔያቸው፣ የሚመለከታቸው ተቋማትና የሚያስፈልጋቸው በጀት የተለያየ ስለሆነ በሪፖርት ላይ አንዱን በሌላው መተካት እርዳታውን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊመራ ይችላል።

በግዥ ሰነዶችም ቃሉ የታወቀ ቦታ አለው። «የጨረታ ማስከበሪያ» ተጫራቹ ካቀረበው ዋጋ ወደ ኋላ እንዳይል፣ «የውል ማስከበሪያ» ደግሞ አሸናፊው ውሉን እንዲፈጽም የሚቀርቡ ዋስትናዎች ናቸው። ሁለቱም በእንግሊዝኛው «ሴኩሪቲ» ስለሚባሉ «ማስከበሪያ» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም።

መያዣ

በብድርና በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች «ሴኩሪቲ» ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን በግልጽ ለይቷል። ከቁጥር 1920 ጀምሮ የተደነገገው «ዋስትና» የሰው ግዴታ ነው፤ ባለዕዳው ባይከፍል ዋሱ ይጠየቃል። ከቁጥር 2825 ጀምሮ ተደንግጎ የነበረው የሚንቀሳቀስ ንብረት «መያዣ»፣ እንዲሁም ከቁጥር 3041 ጀምሮ የተደነገገው የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ግን በተለየ ንብረት ላይ የሚያርፉ ናቸው።

ልዩነቱ ለተራው ተበዳሪ እጅግ የቀረበ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው ብድር ቤታቸውን በመያዣነት ቢሰጡና ሌላ ግዴታ ባይገቡ፣ ለዕዳው የሚውለው ያ ቤት ነው። በዚያው ውል ላይ በስሕተት «ዋስ ሆነዋል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሌላ ንብረታቸውም ሊጠየቅ የሚችልበት ክርክር ይከፈታል። ሕጉም ለእያንዳንዱ የራሱን ሥርዓት ዘርግቷል። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተመለከተም ውሉ ዋጋ አይኖረውም። በቁጥር 3052 መሠረት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውጤት የሚኖረው በመዝገብ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ውሉን የሚያዘጋጀው ሰው ቃሉን ከመምረጡ በፊት ለዕዳው መተማመኛ የሆነው ሰው ነው ወይስ ንብረት የሚለውን ማረጋገጥ አለበት።

በወንጀል ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የደነገገው በዋስ የመፈታት መብት ነው። ይህ መብት በዕለት ተዕለት አነጋገር «ዋስትና» ቢባልም በእንግሊዝኛ የተለየ ቃል ስላለው ከላይ ከተገለጹት ጋር መቀላቀል የለበትም።

ሰነደ ሙዓለ ንዋይ

ቃሉ በእንግሊዝኛ በብዙ ቁጥር ሲመጣና ስለ አክሲዮን፣ ስለ ቦንድ ወይም ስለ ግምጃ ቤት ሰነድ ሲነገር አቻው «ሰነደ ሙዓለ ንዋይ» ነው። ስያሜው ከካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወዲህ በስፋት የታወቀ ሲሆን፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በዚሁ ይጠራል። በዚህ አገባብ «ዋስትና» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው፤ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ትርፍም ኪሳራም ሊያገኝ ሲችል ገንዘቡ እንደማይጠፋ የተረጋገጠለት ሊመስለው ይችላልና።

በአንድ ሰነድ ውስጥ የተለያየ ትርጉም ሲያጋጥም

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጎም አለበት የሚለው ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም። ኢትዮጵያ የድጋፍ ድምፅ የሰጠችበት፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንቀጽ 3 ቃሉ የተነገረው ከሕይወትና ከነጻነት ጋር ስለሆነ «የግል ደኅንነት» ይሆናል። በአንቀጽ 22 ግን «ማኅበራዊ ዋስትና» ነው። መመሳሰልን በመፈለግ አንዱን ቃል በሁለቱም ቦታ ማስገባት ከሁለቱ መብቶች አንዱን ያጠፋል።

የመምረጫ ጥያቄዎች

ተርጓሚ ወይም ረቂቅ አዘጋጅ ቃሉ ሲያጋጥመው የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ቢመልስ ተስማሚውን አቻ ያገኛል።

1. ለቃሉ በሕግ ወይም በተቋም ስያሜ የጸና አማርኛ አለ ወይ? ካለ እርሱ እንዳለ ይወሰዳል።
2. ጉዳዩ ከጉዳት መጠበቅ ነው? የተጠበቀው ሰው፣ ሀገር ወይም መረጃ ከሆነ «ደኅንነት»፣ የአካባቢ መረጋጋት ከሆነ «ጸጥታ»፣ የመጠበቁ ሥራ ከሆነ «ጥበቃ» ይባላል።
3. ጉዳዩ ስለ ወደፊቱ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው? «ዋስትና» ይባላል።
4. ለዕዳ የተሰጠ ንብረት ነው? «መያዣ» ይባላል።
5. የሚሸጥና የሚገዛ የገንዘብ ሰነድ ነው? «ሰነደ ሙዓለ ንዋይ» ይባላል።

ከአንድ በላይ ለሆኑት ጥያቄዎች «አዎን» የሚል መልስ ከተገኘ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ራሱ አሻሚ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተርጓሚው በግምት ከመወሰን ይልቅ የሰነዱን አመንጪ ክፍል ጠይቆ ሐሳቡን ማጥራት ይኖርበታል። የተመረጠው ቃል በሰነዱ የትርጓሜ አንቀጽ ውስጥ ከነፍቺው ቢሰፍርም በኋላ የሚነሣ ክርክርን ያስቀራል።