ጡረታ ሳይታወጅ

«ጦረ» የሚለው ቃል በግእዙ «ጾረ»፣ ማለትም ተሸከመ ከሚለው የወጣ ነውና፣ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ በ1955 ዓ.ም. ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ የወር ደመወዝ ባልተለመደበት በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ዐማራ ሳይንት ባለው አገር፣ አረጋዊውን ማን ይሸከመው እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል። ልጅ ነው እንዳይባል፣ ልጅ ይሞታል፤ ዓባይን ተሻግሮም ጎጃም ይቀራል።

ሽማግሌ የተከበረው በሽበቱ ብቻ ነበር ማለት የዋህነት ነው፤ ርስቱ በእጁ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ይህ ሥልጣን ወደ ገበሬ ማኅበር አለፈ፤ ዐዋጁም በቅጥር ማሳረስን ሲከለክል፣ በዕድሜ የደከመውን ለይቶ ፈቀደለት። መሬቱ ከእጁ ወጥቶም ግን መቀመጫው አልፈረሰም።

መቀመጫው ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዳኛ ሥር ሆነው የሚቀባበሩበት ነው። ቃሬዛ መሸከም ያቃተው ሽማግሌ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይቀመጣል፤ መጪውን ተቀብሎ ማጽናናት የእርሱ ፈንታ ነውና። ድንበር የተጋፉትና ደም የተቃቡትም እርሱ ሳይቀመጥ አይታረቁም፤ ነገሩ በክርስቲያኑ ምርቃት፣ በእስላሙ ዱዓ ይዘጋል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ጠንቶ ሰፈራው የወሎን ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ወለጋ ሲያግዝ፣ ቤተ ሰቡ ተከፍሎ ከቀዬው የቀረ አረጋዊ ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ላለው የጽዋ ማኅበር ነበረለት። በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም፣ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቍጥር 12 ሆነው በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው ከተጠጣ በኋላ ጽዋው ተሸፍኖ ለመጪው ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛውም ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበለዋል፣ በእልልታም ታጅቦ ቤቱ ያደርሰዋል።

ተራው ልጅ ለሌላት ባልቴት ሲደርስ፣ ወገቧ አልታዘዝ ስላላት አንዷ ጎረቤት ጌሾውን ትወቅጥላታለች፤ ሌላዋ ጋኑን በወይራ ታጥንላታለች፤ ያንዱም ቤት ጎረምሳ ውሃ ያመላልስላታል። እርስዋም በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ብቅሉ አንሷል፣ ጋኑ በቅጡ አልታጠነም እያለች ትቈጣቸዋለች፤ እነርሱም «እሺ እማማ» ብለው እንደ ገና ያጥኑታል፤ ጽዋው ከእርስዋ ቤት ገብቶ ከእርስዋ ቤት ይወጣል እንጂ፣ «አርጅታለችና ተራው ይለፋት» የሚል የለም።