ጥቁር ሰሌዳው ተባዛ፣ አልጋው ቀረ

ሴት ልጅ ለምን ትምህርቷን ታቋርጣለች? ይህን ጥያቄ ሻይ ቤት ውስጥ ብትወረውሩት የሚመለስላችሁ ያው ነው፤ "ባህላችን ነዋ!" ከዚያ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" የምትለዋ ተረት ትጠቀስና ወሬው ይዘጋል። እኔ ይቺ መልስ አትዋጥልኝም። ሐሰት ናት አልልም፤ ግን በጣም ትመቻለች። ባህል ነው ከተባለ ተጠያቂ የለም። እስቲ ባህሉን ለጊዜው እናቆየውና ታሪኩን እንይ።

ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያስከፈቱት በ1900 ዓ.ም ገደማ ነው። ወንበሩ የወንዶች ነበር። ሚሲዮኖች እዚህም እዚያም ጥቂት ሴቶችን ቢያስተምሩም፣ መንግሥት ለሴቶች የራሳቸውን ትምህርት ቤት እስኪከፍት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1931 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ያደገው ትውልድ "የካቲት 12" እያለ የሚያውቀው ማለት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲወራ አንድ ነገር ይዘለላል። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የምታድር ልጅ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ታናሿን አዝላ ውላ ክፍል አትገባም። ማታም ብቻዋን ረጅም መንገድ አትጓዝም። ከቤት ሥራውም ከመንገዱም ተገላግላለች።

ከነጻነት በኋላ ስንዱ ገብሩ የዚሁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። በጣልያን ጊዜ አዚናራ ደሴት ተግዘው የታሰሩ አርበኛ ናቸው። በፈረንጅ 1957 በተደረገው ምርጫም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል። እሳቸውን እንደ ተአምር ነው የምናወራቸው። ግን አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው ውጭ አገር የተማሩ፣ ልጃቸውንም ስዊዘርላንድ ድረስ ልከው ያስተማሩ ሰው ነበሩ። የስንዱ ብርታት እንዳለ ሆኖ፣ ከጀርባው ወጪውን የሚችል ቤተሰብ ነበር።

ትምህርት ቤት በየአውራጃው ሲስፋፋ ታዲያ ጥቁር ሰሌዳው ተባዛ፣ አልጋው ቀረ። ለወንድ ልጅ ቀን የተሰፋው የቀን ትምህርት ቤት ለሴቷም በሩን ከፈተላት፤ ውሃውን ማን ይቅዳ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም እስከ 10ኛ ክፍል የትምህርት ክፍያ ቀርቷል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ነገር ግን ገበሬው ቤት የሴት ልጅ ትልቁ ወጪ የመመዝገቢያ ብር አይደለም። ጉልበቷ ነው።

ሕጉና መንገዱ

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ብሎ ደነገገ። 15 ዓመት እኮ 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ነው! ወንዱን "ትምህርትህን ጨርስ"፣ ሴቷን "ይበቃሻል" እንደማለት ነው። ይህ ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ 40 ዓመት ቆይቶ።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ይብሳል። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክስ ይቀርለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት በነጻ ተለቀቀች። "ድፍረት" የተባለው ፊልም ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው። ፊልሙን ያየ ሁሉ ስለ ችሎቱ ያወራል፤ እኔን የሚከነክነኝ መንገዱ ነው። ያን ወሬ የሰማ የጎረቤት አባት በማግስቱ ልጁን ቤት ቢያስቀር "ኋላ ቀር" ልንለው ነው? ሰውየው እኮ ፈርቶ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኖ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት እንዲያስቀጣ አድርጓል። መንገዱ ግን አላጠረም።

ስንቅና ፍየል

ዛሬም ብዙ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ትምህርት ቤቱ የሚጠብቃት ከተማ ነው። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ ቅዳሜ አገሯ ገብታ እንጀራና ድርቆሽ ቋጥራ እሑድ ትመለሳለች። ኪራይ አለ፣ ስንቅ አለ፣ የወር አበባ ሲመጣ ውሃ የሌለው ሽንት ቤት አለ፣ ማታ በር የሚያንኳኳ ጎረምሳ አለ። ወላጅ ወንዱን ሲልክ ስንቁን ያስባል፤ ሴቷን ሲልክ ስንቁንም በሩንም ያስባል። ድርቅ ወይ ጦርነት ሲጨመርበት መጀመሪያ ማን እንደምትቀር ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን ሒሳብ ለመካፈል የሞከረ አለ። በ1996 ዓ.ም በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ "ብርሃነ ሔዋን" የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ሴት ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ለቆየ ቤተሰብ ደግሞ ፍየል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት የምትሄደውም በዛች። ከ15 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ያው ለውጥ አልታየም። ለእኔ ይህ ብዙ ይናገራል። በዚያ ዕድሜ ትዳሩም ቀርቧል፣ ትምህርት ቤቱም ርቋል፤ አንዲት ፍየል ያን ሁሉ አትችልም።

ይሁንና "ከጥንት የመጣ" የሚባለው ባህል በደብተርና በፍየል መነቃነቁን ልብ በሉ። የአዳሪው አልጋም፣ የሞሰቦዋ ፍየልም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ስትማር ቤቷ የሚጎድለውን በመጠኑ ሞልተዋል።

ነገሩ ደግሞ የገጠር ብቻ አይደለም። እዚሁ ከተማ፣ ብዙዎቻችን ባደግንበት ቤት ውስጥ ከገጠር ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። እኛ ለፈተና ስናጠና ወጥ የምትሠራው፣ ልብሳችንን የምታጥበው እሷ ናት። "የማታ ትምህርት ልመዝገብ" ስትል የተሰጣት መልስስ ምን ነበር? "እራት ማን ይሠራል?" ይህንንም ባህል እንበለው?