ከቀመር ወደ ፍርድ፦ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ፍጥረታትን የሚያሳድጉና የሚያራቡ አዛውንት ገጸ ባሕርያት

መግቢያ

የቪዲዮ ጨዋታ ጥናት በአብዛኛው የሚያተኩረው በጀግናው፣ በባላንጣውና በጨዋታው ሕግጋት ላይ ነው። በመንገድ ዳር ቤታቸው ተቀምጠው የሌላ ሰው ፍጥረት የሚያሳድጉ አዛውንት ግን ከጌጥ ተቆጥረው ይታለፋሉ። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው በተቃራኒው ነው። እነዚህ አዛውንት ጨዋታው በቁጥር የሚያሰላውን ነገር ወደ ሰው ፍርድ ይለውጡታል፤ ተጫዋቹ የሚጠብቀውን ጊዜም የአደራ ጊዜ ያደርጉታል። እነሱ ሲወጡ እንክብካቤው ምርት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለማስረጃ የተመረጡት ሁለት የጃፓን ሥራዎች ናቸው፤ የጌም ፍሪክ ኩባንያ «ፖኬሞን» ተከታታይ ጨዋታዎችና የስኩዌር ኩባንያ «ፋይናል ፋንታሲ 7»። የትንተናው መነሻ አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ ጆአን ትሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ያዳበሩት የእንክብካቤ ሥነ ምግባር ነው። ትሮንቶ እንክብካቤን በአራት ነገሮች ይመዝኑታል፤ ችግሩን በማስተዋል፣ ኃላፊነቱን በመውሰድ፣ ሥራውን በብቃት በመፈጸምና እንክብካቤ የተደረገለትን ሰው ምላሽ በማዳመጥ።

ከአንድ ሰው ወደ ባልና ሚስት

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 በጃፓን ለጌም ቦይ የወጡት «ፖኬሞን ቀይ» እና «ፖኬሞን አረንጓዴ» ማሳደጊያ ቤት ነበራቸው። ቤቱ የሚገኘው 5ኛው መንገድ ላይ ሲሆን ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ፍጥረት ብቻ ነው። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ማሳደጊያ ቤት የተወው ፍጥረት አንድ የልምድ ነጥብ ያገኛል። ሲወስደውም በጨዋታው ገንዘብ 100፣ በዚያ ላይ ለጨመረው ለእያንዳንዱ ደረጃ 100 ይከፍላል። አሠራሩ ከዕቃ ማስቀመጫ እምብዛም አይለይም።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 በወጡት «ወርቅ» እና «ብር» ነው። 34ኛው መንገድ ላይ ያለውን ማሳደጊያ ቤት የሚያስተዳድሩት አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። ሽማግሌው አንድ ፍጥረት፣ ባለቤታቸው ሌላውን ይቀበላሉ። ሁለቱ ፍጥረታት ከተስማሙ እንቁላል ይገኛል፤ ሽማግሌውም ወደ ግቢ ወጥተው ተጫዋቹን ይጠብቃሉ። ማራባት ወደ ጨዋታው የገባው ከአዛውንቱ ጋር በአንድ በር ነው። ንድፍ አውጪዎቹ የዘር መተካካትን ለጎልማሳ ነጋዴ ወይም ለማሽን ሊሰጡት ይችሉ ነበር፤ የሰጡት ግን ዕድሜያቸው ለገፋ ጥንዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዳግም ተሠርቶ በወጣው ቅጂ ደግሞ የተጫዋቹ ጓደኛ የነዚህ ባልና ሚስት የልጅ ልጅ ሆና ወይም ሆኖ ይቀርባል። ማሳደጊያ ቤቱ በዚህ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ቀመሩና ፍርዱ

የአዛውንቱ ሚና ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጡት «ሩቢ» እና «ሳፋየር» ውስጥ ነው። እዚህ ጨዋታው ተጫዋቹ በተራመደ ቁጥር በየጊዜው እንቁላል መገኘት አለመገኘቱን ያሰላል። አንድ ዓይነት ሆነው ከተለያዩ ባለቤቶች የመጡ ጥንዶች ዕድላቸው 70 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ዓይነት ሆነው ባለቤታቸውም አንድ ከሆነ ወደ 50 ይወርዳል። ዓይነታቸው ተለያይቶ ባለቤታቸው አንድ ሲሆን ደግሞ 20 ይሆናል።

ተጫዋቹ ከነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አያይም። የሚሰማው የሽማግሌውን ምስክርነት ነው፤ ሁለቱ በጣም እንደሚዋደዱ፣ እንደሚስማሙ፣ ብዙም እንደማይዋደዱ፣ ወይም ከሌሎች ጋር መጫወት እንደሚመርጡ ይነግሩታል። በትሮንቶ አከፋፈል ይህ ማስተዋል ነው። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ፍጥረታቱን ሲመለከቱ ውለዋል ተብሎ ይታመናል፤ ተጫዋቹም ማድረግ ያለበትን የሚወስነው ያንን አምኖ ነው። ፕሮግራሙ በቅጽበት ያሰላው ቀመር በአዛውንቱ አንደበት ሲነገር የረጅም ጊዜ ትዝብት ይሆናል።

ሽማግሌው የሚያስተላልፉት ፍርድ ሌላ ትምህርትም አለው። ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ፍጥረት የተሻለ የሚስማማ ከሆነ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ተጫዋች ሄዶ መለዋወጥ ይኖርበታል። የጨዋታው ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነታቸው በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው በማቺዳ ነፍሳት ይሰበስቡ ነበር፤ ሁለት ጌም ቦይ በገመድ ተገናኝተው ፍጥረታት ሲለዋወጡም ያንን ደስታ ለልጆች መመለስ ፈልገዋል። ማሳደጊያ ቤቱ ይህን መነሻ ሐሳብ ወደ ዘር ሐረግ አወረደው።

እንቁላሉ ሲገኝ ኃላፊነቱ እጅ ይለውጣል። ሽማግሌው እንቁላሉን ይፈልገው እንደሆነ ተጫዋቹን ይጠይቁታል፤ እምቢ ካለ እሳቸው ያስቀሩታል። ከተቀበለ ግን እንዲፈለፈል ይዞት መጓዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከአዛውንቱ የሚረከበው ያለቀ ሥራ ሳይሆን ገና የሚቀጥል እንክብካቤ ነው።

የሚረሱት ጠቢብ

እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ጉዳዩን በሌላ መንገድ ያሳያል። ቾኮቦ የሚባሉት ትልልቅ የግልቢያ ወፎች የሚረቡት በቾኮ ቢል እርሻ ነው። አያትየው ቾኮ ቢል ስድስት ጋጣዎችን ለእያንዳንዱ በጨዋታው ገንዘብ 10,000 ጊል እያስከፈሉ ያከራያሉ፤ የልጅ ልጃቸው ቾኮ ቢሊ ደግሞ ጋጣው ውስጥ ሆኖ የማራባቱን ሥራ ይመራል። እርሻው ሙያ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍበት ቤት ነው።

ከእርሻው ርቀው በሰሜኑ በረዷማ ምድር የሚኖሩት የቾኮቦ ጠቢብ ደግሞ ሌላ ዓይነት አዛውንት ናቸው። የትኛው ወፍ ከየትኛው ጋር፣ በምን ፍሬ እንደሚዳቀል ያውቃሉ፤ ግን ይረሳሉ። ተጫዋቹ ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ ጥቂት ያስታውሳሉ፤ እንደገና ሲመለስ ሌላ ጥቂት ይጨምራሉ። የመጨረሻው ውጤት የሆነው ወርቃማው ቾኮቦ ባሕሩንም ተራራውንም አቋርጦ በሌላ መንገድ የማይደረስበት ደሴት ያደርሳል።

መርሳታቸውን ለመሳቂያ የገባ የእርጅና ሥዕል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ትልቅ የንድፍ ውሳኔ አየዋለሁ። ጨዋታው እውቀቱን በዝርዝር ጽፎ በአንድ ጊዜ ሊያስረክብ ይችል ነበር። በአዛውንቱ ትዝታ ውስጥ በማስቀመጡ ግን ተጫዋቹ እየተመላለሰ እንዲጠይቅና መልሱን በትዕግሥት እንዲጠብቅ አስገድዶታል።

አዛውንቱ የሚጋርዱት

ለዚህ ክርክር ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። ብዙ የፖኬሞን ተጫዋቾች ፍጹም ችሎታ ያለው አንድ ፍጥረት ለማግኘት እንቁላል በብዛት ያስፈለፍላሉ፤ ያልመረጡትንም ይለቅቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ «ኤክስ» እና «ዋይ» ጀምሮ በአንድ መሣሪያ እርዳታ ከወላጆቹ ስድስት የተፈጥሮ ችሎታዎች አምስቱን ማውረስ ተችሏል፤ ይህም ምርጫውን ይበልጥ አጥብቆታል። በዚህ ሁሉ ሽማግሌው አንድ ጊዜም በቃ አይሉም። እንቁላሉ ከየት እንደመጣ እንደማያውቁ በመገረም ይናገራሉ፤ ያ የዋህነት ሥራው የሚያስከፍለውን ዋጋ ከተጫዋቹ ዓይን ይሰውራል።

ተቃውሞው ትክክል ነው። ያም ሆኖ የሚያጋልጠው የአዛውንቱን ከንቱነት ሳይሆን ያልተሰጣቸውን ሥልጣን ነው። ከትሮንቶ መመዘኛዎች ማስተዋሉና ብቃቱ አላቸው፤ የፍጥረቱን ምላሽ አይተው እምቢ የማለት መብት ግን የላቸውም። ጥፋቱ የንድፉ ነው።

አዛውንቱ ሲወጡ

ተከታዮቹ ጨዋታዎች የሄዱት ሥልጣኑን ወደ መስጠት ሳይሆን ቦታውን ወደ ማጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት «ፀሐይ» እና «ጨረቃ» ማሳደጊያ ቤቱ ደረጃ ማሳደጉን ትቶ እንቁላል መስጫ ብቻ ሆነ። በ2022 በወጡት «ስካርሌት» እና «ቫዮሌት» ቤቱ ራሱ ጠፋ፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ ሲዘረጋ እንቁላሉ በቅርጫት ውስጥ ይገኛል። በ2021 ዳግም የተሠሩት የቆዩ ቅጂዎች ብቻ ባልና ሚስቱን በቦታቸው አቆይተዋቸዋል።

አዲሱ አሠራር ድካም ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ስለ ጥንዶቹ የሚመሰክር፣ እንቁላሉን የሚያስረክብ፣ ትፈልገዋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ተጫዋቹ ቅርጫት ይከፍታል፤ የሚያመሰግነውም የሚያሳፍረውም አያገኝም።

ማጠቃለያ

አዛውንት ተንከባካቢዎች ለጨዋታው የሚሰጡት ነገር ፍጥረቱን ሌላ ሰው እንዳየው፣ እንደመገበውና እንዳሰበለት ማሳወቅ ነው። ይህ ከሌለ ማራባት የቁጥር ሥራ ብቻ ነው። በነዚህ ጨዋታዎች ያልተሞላ አንድ ክፍተት ግን ይቀራል። ሁሉንም የሚያሳድጉት አዛውንት ራሳቸው ጠያቂ የላቸውም፤ ተጫዋቹ ይከፍላቸዋል እንጂ አይንከባከባቸውም። የቾኮ ቢል እርሻ በልጅ ልጅ እጅ ሲሠራ ያሳየው ጅምር ወደፊት መገፋት አለበት። ንድፍ አውጪዎች አዛውንቱን ሊመልሷቸው ከፈለጉ እንቁላል አቀባይ አድርገው መመለስ አይበቃም። ጥንዶቹ ይረፉ ብለው መከልከል፣ ሙያውን ለተጫዋቹ ማስተማርና ከተጫዋቹም እንክብካቤ መቀበል የሚችሉ ሰዎች ሊያደርጓቸው ይገባል።