ነፋስ ስልክ፤ ስያሜውና ፍርዱ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስሙ ውስጥ አንድ የሥልጣኔ ታሪክ ተሸክሞ ይኖራል። የታክሲ ረዳቱ «ነፋስ ስልክ! ነፋስ ስልክ!» እያለ ሲጣራ ቃሉ ከሰፈር መጠሪያነት ያለፈ ትርጉም እንዳለው የሚያስታውሰው ተሳፋሪ ጥቂት ነው። «ስልክ» ከዐረብኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን ጥሬ ፍቺው ሽቦ ነው። እንግዲህ ነፋስ ስልክ ማለት የነፋስ ሽቦ፣ ይኸውም ሽቦ ሳይዘረጋለት ነፋሱን ራሱን መንገድ አድርጎ የሚሄድ መልእክት ማለት ይሆናል። አካባቢው ይህን ስም ያገኘው በዚያ ከተተከለው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው።

ስም ማውጣት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ በአንድ ሕዝብ መካከል ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ስም ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ስለ ሥልጣኔ መሣሪያዎች ያለውን አስተያየት በመጽሐፍ ባያሰፍረውም በስያሜ አኑሮታል። ነፋስ ስልክን ሰይሞ የተቀበለው ትውልድና ዛሬ በዚያው ክፍለ ከተማ የእጅ ስልኩን ይዞ የሚውለው ትውልድ በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ በነፋሱ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን ነው?

ጥያቄው ከነፋስ ስልክም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ኢጣልያ ተልከው የነበሩት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኮንን ይዘዋቸው ከተመለሱት ዕቃዎች መካከል ስልክ ይገኝ ነበር። መሣሪያው በቤተ መንግሥት ሲተከል ሰው ከሌለበት ስፍራ የሰው ድምፅ መሰማቱ አንዳንድ ካህናትን አስደነገጠ፤ የሰይጣን ሥራ ነውና ይወገድ ሲሉ ንጉሠ ነገሥቱን መማጸናቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ምክሩን አልተቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899 ባለው ጊዜ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ። የኋላው ዘመን ሰው በካህናቱ ይስቃል። ነገር ግን ከፍርሃታቸው ሥር ያለው ጥያቄ፣ ይህ ድምፅ የማን ነው? የሚለው፣ የሚያስቅ አይደለም።

የነፋስ ስልክ ዘመን ሲመጣ ለጥያቄው መራራ መልስ ተገኘ። አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከከተማይቱ በስተደቡብ፣ በአቃቂ አቅጣጫ የሠራው የሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራውን ጀመረ። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአገሪቱ ላይ ያንዣበበውን አደጋ በሬዲዮ ለዓለም አሰሙ፤ ዕለቲቱም የኢትዮጵያ ሬዲዮ የልደት ቀን ሆና ትታሰባለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱ በጠላት እጅ ወደቀች። ኢትዮጵያ ለዓለም የምትናገርበትን ጣቢያ የሠራው የወራሪዋ አገር ኩባንያ መሆኑ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ሆኖ ቀረ። ነፋሱን ሕዝቡ ሰየመው፤ ምሰሶው ግን የሌላ እጅ ሥራ ነበር።

ከነፃነት በኋላ የስልኩ አገልግሎት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ተደራጀ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ማኅተሙና ሰሌዳው ሲለዋወጥ ሕዝቡ ግን በአንድ ስም ጸና፤ «ቴሌ» ይለዋል። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ መላመድም ብሶትም አለ። በእርግጥ የሁሉም ቤት ዕቃ የሆነ ነገር እንደ ቤተሰብ በቁልምጫ ይጠራል። ነገር ግን መስመር ሲጠፋ፣ የተሞላ ካርድ ሳያናግር ሲያልቅ፣ የሚወቀሰውም በዚያው በቁልምጫ ስም ነው።

በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲገባም ሕዝቡ ስም ለማውጣት አልዘገየም። አካሉን «ቀፎ» አለው፤ ንብ እንደሚሰፍርበት ቀፎ ሁሉ ድምፅ የሚያድርበት ቤት መሆኑ ነው። ባለ ቀፎው ግን የንቡ ጌታ አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋ፣ መሣሪያውን በገንዘቡ የገዛ ሰው መልእክቱን የሚያሳልፈው በር በሌላ እጅ መሆኑን ተረዳ። በ2015 ዓ.ም. በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራ ኩባንያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር በገበያው ሁለተኛ በር ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ ቀፎውን የገንዘብ ቦርሳም አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመስመር መቋረጥ የወሬ መቋረጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የዳቦና የትራንስፖርት ሒሳብም ሆነ።

ሕዝብ መሣሪያን ተቀብሎ በራሱ መንገድ እንደሚያሳድር ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው የጨዋታው ዓለም ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን ማሽኑ ከሳሎን ወጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በጀሞ፣ በላፍቶና በመካኒሳ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽንና ሁለት ጆይስቲክ የሰፈሩን ልጅ ይሰበስባሉ፤ ሒሳቡ በጨዋታ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ሲጫወቱ የቀሩት ይፈርዳሉ፣ ይተቻሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ለብቻ እንዲያዝ የተሠራው ዕቃ እንደ ገበጣና እንደ ጆተኒ የጋራ ሆነ።

ስለዚሁ ቤት የሚሰጠው አስተያየት ግን አንድ አይደለም። ወላጅ የልጁን የጥናት ሰዓት የሚበላ፣ የዳቦ ሳንቲም የሚያስጠፋ ስፍራ አድርጎ ያየዋል። ባለቤቱ ልጁ ከከፋ ውሎ ይልቅ በዓይን በሚታይበት ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል ሲል ይከራከራል። ለተጫዋቹ ደግሞ በአካል ሊደርስበት የማይችለውን ሜዳ የሚረግጥበት፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚፎካከርበት ስፍራ ነው። ሦስቱም ፍርዶች እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን የሚያተኩሩት በቤቱ ላይ ነው። ጨዋታውን የሠራው ከክርክሩ ውጭ ይቀራል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በፊፋ ስም ያወጣው የነበረውን የእግር ኳስ ጨዋታ፣ በፈቃድ ውል ሳይስማማ ቀርቶ በ2023 በሌላ ስም አወጣው። በመላው ዓለም ያለ ተጫዋች አልተጠየቀም፤ የጀሞውም ልጅ እንደዚሁ። በአንጻሩ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ ማቅረቡ፣ ስም ማውጣት ብቻ ሳይሆን መሥራትም እንደሚቻል ያሳየ ጅምር ነው።

የታላላቅ ኩባንያዎች ኃይል ከጨዋታም አልፎ ፊደልንና ሕይወትን ይነካል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ስለማይግባቡ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። የፊደሉ መግባት ታላቅ ድል ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው በቀፎው ላይ በአማርኛ ይጽፋል። ሆኖም በአማርኛ የሚጻፈው ሁሉ ደግ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በፌስቡክ የተሠራጩ የጥላቻ ጽሑፎች ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆነዋል በማለት ኢትዮጵያውያን ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኩባንያው ባለቤት በሜታ ላይ በናይሮቢ ክስ መሠረቱ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ቢሟገትም፣ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የቤተ መንግሥቱ ካህናት ጥያቄ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ በዳኛ ፊት ቆመ፤ ይህ ድምፅ የማን ነው? ለሚያደርሰውስ ጉዳት የሚጠየቀው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት መሣሪያን መሸሽ አይደለም። የሸሸ የለም፤ ምኒልክም አልሸሹም፤ የሰፈሩም ሰው ነፋሱን ሳይፈራ ስም አውጥቶ ጎረቤት አድርጎታል። ይሁንና ስም ያወጣ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። ለልጅ ስም የሚያወጣ ወላጅ ስሙን ካወጣ በኋላ የማሳደግ፣ የመጠበቅና የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ለመሣሪያም እንዲሁ ነው። ስያሜው የመጀመሪያው ፍርድ ሲሆን፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሚዘጋውና ማን እንደሚያተርፍበት መመርመር ደግሞ የሚቀጥለው ፍርድ ነው። ረዳቱ «ነፋስ ስልክ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር የቀድሞው ትውልድ የመጀመሪያውን ፍርድ ያሰማል። ሁለተኛው ፍርድ ቀፎውን በኪሱ ይዞ ለሚሳፈረው ትውልድ የተተወ ነው።