በባሌ ደጋ የቀደሙት አራሾች

የባሌ ደጋ ሣር ሜዳ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ተዘርግቶ እስከ ሲናና፣ ጋሠራና ዲንሾ ይደርሳል። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት ይህ አገር ለረጅም ዘመን የከብት ማሰማሪያ ነበር። ከጎባ ወደ ደቡብ ሲወጡ መሬቱ ከፍ ብሎ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚሆነውን የሳነቴን አምባ ይይዛል፤ የቱሉ ዲምቱም ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድ ሪራ የምትባለው መንደር ትገኛለች። በእነዚህ ቦታዎች መጀመሪያ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ላይ ያዋሉ ቤተሰቦች ባዶ መሬት ላይ አልሰፈሩም። አብዛኞቹ በዚያው ሣር ላይ ለትውልዶች ከብት ሲያረቡ የኖሩ የአርሲ ኦሮሞ ልጆች ሲሆኑ እርሻን የለመዱት ከብታቸውን ሳይተው ነበር።

ደጋው ለሰው እንግዳ አይደለም። በፊንጫ ሐበራ ዋሻ የተደረገና በ2011 ዓ.ም. የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት እንደሚያሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት አዳኞች እየተመላለሱ በዚህ ከፍታ ኖረዋል፤ ዋና ምግባቸውም ዛሬም በአምባው ጉድጓድ እየማሰ የሚኖረው ግዙፍ ፍልፈል ነበር። ከብት አርቢው የመጣው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። እርሱን ወደዚያ የሳበው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ የሚፈልቀው ጨዋማ ማዕድን ያለው ምንጭ፣ ሆራ፣ ከብትን ያሰባል፣ ያወፍራል ተብሎ ስለሚታመን መንጋ ከሩቅ እየተነዳ ይመጣበት ነበር።

ይህ የወቅት ጉዞ ጎዳንቱ ይባላል። በዝናብ ጊዜ በዝቅተኛው ቦታ እህል ሲበቅል ከብቱ ከማሳ ርቆ ወደ አምባው ይወጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ወደ ጫካው ጥላና ውኃ ይወርዳል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ቃርሚያው ለከብቱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አይሰደድም። ወጣቶችና እረኞች መንጋውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ከታለቢ ላሞች ጋር በቋሚው ሠፈር ይቀራሉ። በደጋው ለእረኞቹ የሚሠራው ጎጆ ጊዜያዊ ነበር፤ ኋላ ግን ከእነዚህ ጎጆዎች ብዙዎቹ ቋሚ መንደር ሆነዋል።

የመጀመሪያው ማሳ ከቤት አይርቅም ነበር። ከብት ያደረበት በረት ዓመታት ሲቆይ እበቱ ይከማቻል፤ በረቱ ሲዛወር የቀረው ለም መሬት ለገብስ ይውላል። ገብስ ብርድን ይችላል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ስለዚህ የደጋው ቀዳሚ እህል ሆነ። ዙሪያውን ያለው ሣር ግን ጠንካራ ሥር ስላለው ለማረሻ አይመችም። ከአንድ ጊዜ በላይ መታረስ፣ መገልበጥ፣ ጓሉም መሰባበር ይፈልጋል፤ አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ያለው ሰው በዓመት ብዙ መሬት ሊከፍት አይችልም። ጎረቤት ካልተባበረ፣ በደቦ ካልታረሰና ካልታጨደ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አልነበረም።

ቤቱ ክብ ሆኖ በሣር ይከደናል። በሪራ አካባቢ ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሚገኝ ግድግዳውም አጥሩም ከእርሱ ይሠራል፤ በሌላው ደጋ አስታና ጥድ ያገለግላሉ። ጥጆችና ግልገሎች ሌሊት በአንድ ጣሪያ ሥር ከሰው ጋር ያድራሉ። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ በሳነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ምግቡም ለዚህ የተመቸ ነው። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ ሲታሽ ጩኮ ይሆናል፤ ሳይበላሽ ስለሚቆይ የእረኛውም የመንገደኛውም ስንቅ እርሱ ነው። በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ገንፎና የረጋ ወተት ደግሞ ለእንግዳም ለቤተሰብም ይቀርባል።

የወተቱና የቅቤው አዛዥ እናት ናት። ላም ማለብ፣ የወተት ዕቃውን በወይራ ጭስ ማጠን፣ መናጥ፣ ቅቤ ወደ ገበያ ማውጣት በእርስዋ እጅ ነው። ሥራው ብቻ ሳይሆን መብቱም አለ፤ ሴት ስታገባ የምትይዘው የሲንቄ በትር ክብሯን የሚያስጠብቅ ምልክት ሲሆን፣ በደል ሲደርስባት ሌሎች ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ተሰብስበው እስከ ካሣ ድረስ ይከራከሩላታል። ስለ ደጋው ቀዳሚ አራሾች ሲተረክ በሬና ማረሻ ብቻ ስለሚነገር ይህ ክፍል ይረሳል፤ ቤቱን በክፉ ዓመት ያቆየው ግን ከማሳው ይልቅ ይህ የወተት ዕቃ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመሬቱ ባለቤትነት የተለወጠው በምኒልክ ዘመን ነው። አርሲን በራስ ዳርጌ አዝማችነት የያዘው የሸዋ ጦር ኋላ ባሌንም ጠቅልሎ ገዛ፤ ጎባም የጦር ሠፈር ሆና ተቆረቆረች። መሬት በጋሻ እየተለካ ለወታደርና ለሹም ሲታደል አርቢው ግብር ከፋይ ገባር ሆነ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ በ1862 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰፈራ ሕግ አምስት ዓመት ኖሮበት ላለማው ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በስሙ ይሰጠው ነበር። በአሜሪካው ሜዳ ላይ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ተገፍተው መሬቱ ለአዲስ መጪ ተከፋፈለ። በባሌ ደግሞ መሬቱ ለሌላ ሲሰጥ ነባሩ ቤተሰብ በላዩ ቀርቶ፣ ሲያርስም ሲያሰማራም ለባለመሬቱ ባለዕዳ ሆነ።

በ1940ዎቹ መሬት ቀላድ በሚባለው የመለኪያ ገመድ መለካቱና የመሬት ግብር መጨመሩ ችግሩን አባባሰው። ግብር ያልከፈለ ሰው መሬቱ ለመንግሥት ወይም ለሌላ ሰው ይተላለፍበት ነበር። ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በመሪው በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው አመፅ ተነሣና እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። ከቆላው የተነሣው አመፅ ወደ ደጋውም ወጥቶ ነበር። ብዙ ቤተሰቦች ከብታቸውን በጦርነቱ አጡ፤ ወደ እርሻ ያዘነበሉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ መንጋ ይዘረፋል፣ በድርቅ ያልቃል፣ ገብስ ግን በጎተራ ይቆያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ወሰነ። ገባርነት በአንድ ቀን ቀረ። የኦጋዴን ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ደርግ በባሌ የተበታተነውን ሕዝብ በመንደር መሰብሰብ ጀመረ፤ ይህ ፖሊሲ በኋላ ወደ ሐረርጌና ወደ ሌላው አገር ተዛመተ። ቤቱን ከማሳውና ከበረቱ ዳር የሠራ ሰው ተነቅሎ በመስመር ወደተሠራ መንደር ሲገባ ለእርሻው የሚሄድበት መንገድ ረዘመ፣ ጎዳንቱም ተሰናከለ። በሲናና አካባቢ የመንግሥት እርሻዎች ሰፊ ማሳ ያዙ፣ ትራክተርና ኮምባይነርም ሜዳውን ለመዱት።

ዛሬ የባሌ ስንዴ በአገሪቱ ገበያ የታወቀ ነው። በሮቤና በሲናና ዙሪያ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሚጥል ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፦ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ወቅትና ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ በሚደርሰው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚሁ አዝመራ ዝርያዎችን ያወጣል። ጉድለቱ ግጦሽ ማጣቱ ነው። ሜዳው በሙሉ ሲታረስ መንጋ ያለው አራሽ ከብቱን ወደ ተራራው ይልካል።

በሪራ ያለው ኑሮ ከሮቤው የተለየ ነው። መንደሩ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ በጫካና በአምባ መካከል ስለሆነ ሰፊ ማሳ የለውም። ቤተሰቡ የሚኖረው በብዙ ትንንሽ ነገር ነው፦ ገብስ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ላሞች፣ ቀርከሃ፣ ከረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቀል ቀፎ። የሐረና ማር ወደ ጎባ በፈረስና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው በሳነቴ በኩል የሚያልፈው መንገድ ሲሠራ ግን ጭነቱ ወደ መኪና ተላለፈና መንደሩም አደገ። ይህ መንገድ በአፍሪካ ካሉት ከፍተኛ የመኪና መንገዶች አንዱ ነው።

መንደሩ ያደገው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው በተለይ ለደጋ አጋዘንና ለቀይ ቀበሮ ሲባል ነበር። ከሰፋሪው ጋር የሚመጣው ውሻ መንጋውን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው፤ ያው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮው እያዛመተ ብዙ ጥፋት ስላደረሰ በአካባቢው ያሉ ውሾች የሚከተቡበት ፕሮግራም ተጀመረ። ከፓርኩ የሚወጡት ትእዛዞች ግጦሽን፣ እሳትንና እርሻ ማስፋትን ይከለክላሉ፤ ነዋሪው ደግሞ ከፓርኩ በፊት የነበረ ልማዱን ያነሣል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያሳዝነው ግን በመሬቱ ላይ ከፓርኩ ቀድሞ የነበረው እረኛ ከኋላ መጥቶ ጫካ ከመነጠረው ሰው ጋር በአንድ ስም «ሰፋሪ» መባሉ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሠፍር፣ የሪራ ነዋሪዎች በዚያው መሬት ገብስ እያመረቱና ቀፎ እየሰቀሉ ነበር።