የጋዝ ጭምብል ከሰል
የተመረዘ አየርን የሚያጣራ፣ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ከሰል። በ1915 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ዜሊንስኪ ለወታደር ጭምብል እንዲውል አቀረበው። የአንድ ግራም ከሰል ውስጣዊ ገጽ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ሊደርስ ስለሚችል፣ የመርዙ ሞለኪውሎች በገጹ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። እንደ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያሉ ቀላል ጋዞች ግን ስለሚያመልጡ መዳብ፣ ብርና ክሮሚየም ይጨመርበት ጀመር፤ እነዚህ መርዙን በኬሚካዊ ለውጥ ያከሽፉታል። ክሮሚየሙ ራሱ ካንሰር አምጪ በመሆኑ የአሜሪካ ጦር በኋላ በዚንክና በሞሊብደነም ተካው። ዛሬ ምርምሩ ወደ ዚርኮኒየም የብረት-ኦርጋኒክ መዋቅሮች አዘንብሏል፤ እነዚህ የነርቭ መርዝን ይዘው ከማስቀረት አልፈው በውሃ አማካይነት ይሰነጥቁታል፤ ትልቁ እርምጃም ይኸው ነው። ጭምብል ፊትንና ሳንባን እንጂ ሌላውን ገላ አይጠብቅም፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያዘነበችው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥል ነበርና፣ በባዶ እግሩ የዘመተውን ወታደር ጭምብል ብቻውን ባላዳነውም ነበር።